መሃል ሜዳ ችሎት ላይ ተቀመጪ

ጻፊ፣ አታቁሚ፤ ከኋላሽ ቆሜ እያነበብኩልሽ ነው። ለመለማመጃ የመረጥሽው ክስ የመሬት መሆኑ ደስ ብሎኛል። መንዝ ተቀምጦ ሕግ የሚማር ሰው ከመሬት ሸሽቶ የትም አይደርስም። ቅርጹንም ይዘሽዋል፤ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ አድራሻ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ የማስረጃ ዝርዝሩ፣ መጨረሻ ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚለው ሳይቀር አለ። መምህርሽ ጥሩ ነጥብ ይሰጥሽ ይሆናል።

ዳኛው ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያቆምሻል። «ከሳሽ ከአባቱ በውርስ ያገኘውን መሬት ተከሳሽ በኃይል ይዞበታል» ብለሽ በአንድ መስመር ጨርሰሽ ወዲያው ወደ ሕግ ቁጥር ገብተሻል። መቼ ነው የያዘበት? አባትየው መቼ ሞቱ? መሬቱ ከዚያ በፊት በማን ስም ነበር? በአራቱም ማዕዘን አዋሳኙ ማን ነው? የጠቀስሽው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ራሱ የክሱ ምክንያት መቼና የት እንደተፈጠረ ይገለጽ ይላል። አንቺ ሰባት የሕግ ቁጥር ጠቅሰሽ አንድም ቀን አልጠቀስሽም። ተከሳሹ ትንሽ የነቃ ጠበቃ ካለው በቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አንስቶ ይርጋ ይልሻል፤ አንቺ ደግሞ የምትመልሺበት ቀን የለሽም።

በከንቱ አይደለም የምጨቀጭቅሽ። የእኛ አገር የመሬት መዝገብ ንብርብር አለው። ከሥር ያለው ርስት ነው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ ለመንዝ ሰፊ ቦታ ሰጥቶ የዚያን ዘመን ኑሮ መዝግቦታል፤ ፈልገሽ አንብቢው። ከዚያ የካቲት 1967 አዋጅ ቁጥር 31 መጥቶ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገው፤ ገበሬ ማህበር አከፋፈለ። በ1989 ደግሞ ክልሉ እንደገና ደለደለ። ቀጥሎ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ መጣ፤ ባልና ሚስት ከነፎቷቸው አብረው የሚመዘገቡበት። ከእሱም በኋላ ማሳው የተለካበት ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ተከተለ። መሃል ሜዳ ችሎት የሚቆሙ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዘመን «የአያቴ ርስት ነው» በሚል ቃል ጨምቀው ይነግሩሻል። የሕግ ተማሪ ርስት የሚባል መብት ቀርቷል ብሎ ጆሮውን ይነሳቸዋል። አዋቂው ጠበቃ ግን ይጠይቃቸዋል፤ «በ67 ማን እጅ ነበር? በ89 ድልድል ጊዜ ከማን ቤተሰብ ጋር ተቆጠራችሁ? ደብተሩ ሲሰጥ እርስዎ የት ነበሩ?» የዚያ ክስ ፍሬ ነገር ያለው በእነዚህ ሦስት መልሶች ውስጥ ነው። ከክፍል አታገኚውም፤ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መስማት ይፈልጋል።

ለዚህ ነው በእረፍት ቀን እየተማርሽ ዲግሪ መቁጠሩ ብቻ አይበቃሽም የምልሽ። አንድ ዲግሪ ይዘሽ፣ ሥራ ይዘሽ፣ እንደገና ተማሪ መሆንሽ እንደሚያሸማቅቅሽ አውቃለሁ፤ አብረውሽ የሚማሩት ልጆች ከአንቺ በዕድሜ ያንሳሉ፣ ቁጥር ሸምድደው ይመጣሉ። አትቅኚባቸው። እነሱ የሌላቸው ነገር አለሽ። የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፤ ደረሰኝ፣ የሒሳብ መዝገብ፣ የኦዲት ግኝት ማንበብ ታውቂያለሽ። ብዙ የሕግ ሰው ቁጥር ሲያይ ይሸሻል። የውርስ አጣሪ ሪፖርት ተቃውሞ ሲቀርብበት፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ከብቱና የቤቱ ወጪ ሲሰላ፣ የኅብረት ሥራ ማህበር ገንዘብ ያዥ በጉድለት ሲከሰስ፣ የፍርድ አፈጻጸም ላይ ዋናው ገንዘብና በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 የተቀመጠው 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ሲደመር፣ ዳኛውም ዓቃቤ ሕጉም የሌላ ሰው ስሌት አምነው ይፈርማሉ። አንቺ ራስሽ ታሰዪዋለሽ። እዚህ ባዘጋጀሽው ክስ ላይ እንኳ ከሳሹ ተከሳሹ መሬቱን ይዞ ያመረተውን የገብስና የባቄላ ግምት መጠየቅ ይችላል፤ አልጠየቅሽለትም። ስንት ምርት፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ገበያ ዋጋ ብለሽ ሠንጠረዥ አውጥተሽ አያይዢ። ይህ ያንቺ ሙያ ነው፣ አትደብቂው።

አሁን ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ፈልጊ። ከመሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ ጠይቀሽም ቢሆን፣ የዓመት ዕረፍትሽን በግማሽ በግማሽ ቀን ቆርሰሽም ቢሆን አግኚው። ያን ግማሽ ቀን የወረዳው ፍርድ ቤት ችሎት ላይ ተቀመጪ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም አያስወጣሽም። ግን በመጀመሪያ ቀን ሬጅስትራሩን ተዋወቂ፣ ተማሪ መሆንሽን ንገሪ፣ ስልክሽን አጥፊ፣ ከኋላ ተቀመጪ። ማስታወሻ ስትይዢ ተከራካሪዎቹ የተናገሩትን ሁሉ አትጻፊ፤ ዳኛው የጠየቀውን ጥያቄ ጻፊ። ዳኛ የሚጠይቀው አቤቱታው ላይ የጎደለውን ነው። ከዚያ ቀጠሮው የተሰጠው ለምን እንደሆነ ጻፊ፤ ለመልስ ነው፣ ክስ ለመስማት ነው፣ ምስክር ለመስማት ነው፣ ለብይን ነው፣ መዝገቡን መርምሮ ፍርድ ለመስጠት ነው? ትንሽ ከቆየሽ ጉዳዮች የሚጓተቱበትን ምክንያት በራስሽ ታውቂያለሽ። አንዱ መጥሪያ አልደረሰውም፣ አንዱ አዋሳኝ አሳስቶ ጽፏል፣ አንዱ ከሌላ ወራሽ ጋር መክሰስ ሲገባው ብቻውን መጥቷል። ጣልቃ ገብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ሲገባ፣ ፍርድ ካለፈ በኋላ መብቴ ተነካ ያለ ሰው በቁጥር 358 መቃወሚያ ሲያቀርብ በዓይንሽ ስታዪ፣ ቁጥሩን መሸምደድ አያስፈልግሽም።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎትንም አትዝለዪ። ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 ከ14 ቀን ያልበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል። ሕገ መንግሥቱ ላይ ስታነቢው ደረቅ ቁጥር ነው። ጋቢ የለበሰ ወጣት መጥቶ ከጠባቂዎቹ መካከል ሲቆም፣ ዳኛው መርማሪውን «ባለፈው የሰጠሁህን ጊዜ ምን ሠራህበት?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የሕጉ ነፍስ የት እንዳለ ይገባሻል። ያን ጥያቄ የሚጠይቅና የማይጠይቅ ዳኛ ልዩነቱን ልብ በዪ።

ከፍርድ ቤቱ ደጅ የሚቀመጡትን አቤቱታ ጸሐፊዎች አትናቂ። ዲግሪ ላይኖራቸው ይችላል፤ ባለጉዳይን ግን ማናገር ያውቁበታል። ገበሬው ከዘመዱ ጋር የተጣላበትን የሦስት ትውልድ ታሪክ ዘርዝሮ ሲጨርስ እነሱ በአንድ ገጽ ያወጡታል። ስህተትም ይሠራሉ፤ ስድብ ይጨምራሉ፣ የማያስፈልግ ቁጥር ይጠቅሳሉ። ጎናቸው ቁጭ ብለሽ ሰውየው የተናገረውንና ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን አስተያዪ። መካከላቸው የወደቀው ነገር ያንቺ ትምህርት ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ የይዞታ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የስጦታና የኪራይ ውል እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ለፍርድ ቤት ትእዛዝ ምን ብለው መልስ እንደሚጽፉ አሳዩኝ በያቸው። በኋላ ዳኛ ብትሆኚ መልሳቸውን ታነቢያለሽ፤ ዓቃቤ ሕግ ብትሆኚ በእሱ ላይ ትቆሚያለሽ።

ከመሬት ቀጥሎ የሚገጥምሽ ብድር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ፣ አይረጋገጥም ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሰው ለሰርግ፣ ለማዳበሪያ፣ ለሕክምና ከዚያ እጅግ የበዛ ብር በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ይሰጣል፣ ወረቀት አይጽፍም፤ በሃይማኖቱና በሰውየው ቃል ይተማመናል። ሲካድ አምስት ምስክር ይዞ ይመጣል። ምስክሮቹ እውነተኛ ናቸው፣ ሕጉ ግን አይሰማቸውም። ይህን ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ስለዚህ ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሚያገኙሽ ሰዎች ሁሉ ይህን አንድ ነገር ንገሪ፤ ብድር ስትሰጡ ጻፉ፣ አስፈርሙ፣ ምስክሮቹም ይፈርሙ። ጠበቃ ሳትሆኚ ማድረግ ከምትችያቸው ሥራዎች ይህን የሚያህል የለም።

ሽምግልናንም ተከታተዪ፤ እዚያ የሚገባ ወጣት ሴት ብዙ ባይለመድም ጠይቂ። የእኛ ሽማግሌዎች ነገር ይሰነጥቃሉ፤ የቆየ ደም ሳይቀር አስታርቀው ሰው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደርጋሉ። እርቁ የከባድ ወንጀልን ክስ እንደማያስቆም ግን አንቺ ማወቅ አለብሽ፤ ቤተሰቡ ታርቀናል ብሎ ሲያስብ ዓቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ግን ከሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች የእርቅ ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲጸና ያስችላሉ። ሽማግሌዎቹ ያደረሱትን ስምምነት ግልጽ አድርጎ የሚጽፍ፣ ወሰኑን በድንጋይና በዛፍ ስም ሳይሆን በካርታ ቁጥር የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖራቸው ብዙ ጉዳይ ዳግመኛ ባልተከፈተ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ከሩቅ አታምጪው። የጓሳ ሣር ምድር እዚህ መንዝ ነው ያለው። አስቦና ገራ ከሚባሉት አባቶች ጀምሮ ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ፣ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ይታጨድ ነበር፤ የሚቆጣጠር ተመርጦ፣ የደፈረ ተቀጥቶ። የ1967ቱ ለውጥ ያን ሥርዓት አፈረሰው፤ ኋላ ላይ ግን ኅብረተሰቡ በራሱ ደንብ እንደገና አቋቁሞት ዛሬ በክልሉ ሕግ እውቅና ያለው የማህበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። የጋራ ይዞታ በሕግ ፊት ምን ማለት ነው የሚለውን ጥያቄ ከጓሳ የተሻለ የሚመልስልሽ ቦታ አላውቅም። ቀይ ቀበሮውንና ጭላዳውን የውጭ አገር ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈውባቸዋል፤ ደንቡን የሚጽፍበት የሕግ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ቋንቋ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ችሎቱ ግን በአማርኛ ነው። ጥሩ ውጤት ይዘው የተመረቁ ልጆች አንድ ገጽ የአማርኛ መልስ መጻፍ አቅቷቸው አይቻለሁ። ድክመታቸው የሕግ እውቀት አይደለም፤ አልተለማመዱትም። የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች በየቅጹ ታትመው ይገኛሉ፤ ከ1997 አዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የሕግ ትርጉማቸው በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። በሳምንት አንድ ውሰጂ። የጉዳዩን ታሪክና የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ አንብቢ፣ ከዚያ መጽሐፉን ዝጊና አንቺ ብትሆኚ ምን ትወስኚ እንደነበር በአማርኛ ጻፊ፤ ቀጥሎ ክፈቺና አመሳክሪ። በመዝገብ ቁጥር 23632 ጀምሪ፤ ልጅን ማን ያሳድግ በሚል አባትና አክስት ተከራክረው፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለአባት ሰጥተው፣ ሰበር ደግሞ ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ የሻረበት ነው። ለመውጫ ፈተናም ከማስታወሻ ደብተር ይልቅ ይህ ይረዳሻል፤ ፈተናው ለሕግ ተማሪዎች ከሌላው ቀድሞ የተጀመረ ነው፣ የሚያልፈውም ታሪክ ሲሰጡት ጭብጥ ማውጣት የሚችል ተማሪ ነው። ለመሬት ጉዳይ ግን ሰበርን ብቻ አትያዢ፤ የክልሉን አዋጅ ቁጥር 252/2009 ጎን ለጎን ዘርጊ። የውርስ ይርጋን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ላይ ብቻ አይተሽ ለባለጉዳይ «ጊዜው አልፏል» እንዳትዪ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅሽ። ሴት ባለጉዳይ ወንድሟን ወይም ባሏን አስከትላ ስትመጣ ነገሩን የሚናገረው እሱ ነው፤ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትቆማለች። እሱን በአክብሮት ውጭ አስጠብቂውና እሷን ለብቻዋ አናግሪ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ፎቶ የእሷም ነው። ስንት ጊዜ ነው ባልየው ያቀረበው ታሪክና የእሷ ታሪክ የተለያየው! የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን ካቋቋሙት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ፣ በኋላ በ2011 የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆነችው፣ ስሟ አገር ያወቀው በጠለፋ የተወሰደችን አንዲት ልጅ ጉዳይ ስትይዝ ነው። ጉዳዩ የተለወጠው ልጅቷ የራሷን ታሪክ የሚሰማ የሕግ ሰው ስላገኘች ነው።

ዘመድ ይደውልልሻል። የአጎታችን ልጅ፣ የሚዜሽ አባት፣ የንስሐ አባታችን ወንድም፣ ሁሉም «አንቺ ሕግ ትማሪያለሽ አይደል» ይላል። አዳምጪ፣ ወዴት እንደሚሄድ ንገሪ፣ አቅም የሌለው ሰው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል መክሰስ እንደሚችል አስረጂ። ከዚያ አትለፊ። ፈቃድ ሳትይዢ ገንዘብ ተቀብለሽ ለሰው መሟገት ሕገወጥ ነው። አገሩ ትንሽ ነው፤ ዛሬ የከሳሽን ምሥጢር የሰማሽ ነገ የተከሳሽ እህት ዕድርተኛሽ ናት። የሰማሽውን ለእናታችንም ቢሆን አትንገሪ። የተለየ ጉዳይ ከገጠመሽ፣ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ይሰጣሉና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ጠይቀሽ ላኪያቸው፤ አንቺም በዚያው በፈቃደኝነት አገልግዪ።

ለአንድ ቀጠሮ በግ የሚሸጥ ሰው መኖሩንም እወቂ። ከዓለም ከተማ ይግባኝ ሊል ደብረ ብርሃን የሚወጣ የመርሐቤቴ ገበሬ የጀማን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ ለአልጋና ለምግብ ከፍሎ ነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቆመው። የይግባኙ 60 ቀን አልፎበት ቢመለስ ወይም አቤቱታው ተበላሽቶ አስተካክለህ ና ቢባል ኪሳራው የእሱ ነው። በዚህ ላይ የአካባቢው ሰላም መናጋት አለ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ችሎት ይቋረጣል። አንቺም ለልምምድ ብለሽ መንገዱን ሳታጣሪ አትነሺ፤ ትምህርት ይደርሳል።

ከተመረቅሽ በኋላ ስለ ማስተርስ አሁን አታስቢ። ይቆይ እንጂ አይቅር። አዲስ አበባ ትልቅ የጥብቅና ቢሮ ገብቶ ውል መተርጎም የሚያምርሽ ከሆነ አልከለክልሽም፤ የእኔ ምርጫ ግን ክልሉ ዳኛ ወይም ዓቃቤ ሕግ ሲመለምል መወዳደር ነው። ባሕር ዳር ያለው የፍትህ ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ያስተምርሽና ወረዳ ይመድቡሻል። ወገሬ ይሁን ዘመሮ፣ ሞላሌ ይሁን የግሼዋ ራቤል፣ እምቢ አትበዪ። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቤት ኪራይ ማግኘትም ያስቸግራል። ወረዳ ላይ ግን አንድ ዓቃቤ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ስርቆትንም፣ ግድያንም፣ የኦዲት ጉድለትንም ይይዛል፤ ትልቅ ከተማ ያለው ጓደኛሽ በዚያው ጊዜ አንድ ዓይነት መዝገብ ሲያገላብጥ ይከርማል። ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ማስተርስ ስትገቢ የምትጠይቂውን ጥያቄ ይዘሽ ነው የምትገቢው፤ የጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቂም ልምድሽ ይቆጠርልሻል። ማመልከቻውን ስትሞዪ የሒሳብ ዲግሪሽን ከላይ ጻፊው፤ የሙስና መዝገብ ያለበት ቦታ ሁሉ ይፈልግሻል።